በሻርፕ የተጠቀለሉ ጎጆዎች

«የአሮጊቷን እንጨቶች ወደ ውስጥ ካስገባናቸው ሰንብተናል፤ በረንዳው ባዶ ነው፣ መጥታችሁ መስታወቱን ግጠሙ» ብላ ምራቷ በስልክ ስትናገር በግድግዳው በኩል ሰማቻት። የአትክልተኛው ሚስት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ አንዱን ካልሲ አጥልቃ ሌላውን በእጇ ይዛ ነበር። አሮጊት መባሏ አይደለም ያስደነገጣት፤ አሮጊትን አሮጊት ማለት ስድብ ከሆነ መስታወትም ተሳዳቢ ነው። እንጨት መባላቸውም ቢሆን ያስኬዳል፣ ለማያውቃቸው እንጨት ናቸው። ክው ያደረጋት «ካስገባናቸው ሰንብተናል» የሚለው ነው። ጉንፋን ጥሏት ከአልጋ ሳትወርድ በሰነበተችበት ጊዜ ሁሉ፣ ልጇ ማታ ማታ ሾርባ ይዞላት ሲገባ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ «በረንዳ ላይ ያሉትን ማንም አልነካብኝም አይደል?» እሱም ሳህኑን ጭኗ ላይ እያስቀመጠ «ደህና ናቸው እማዬ፣ አታስቢ» ይላት ነበር። ሐኪሙ ነፋስ እንዳያገኛት ስላስጠነቀቃት ወጥታ አላየችም። አመነችው። ልጅን ካላመኑ ማንን ያምናሉ።

በአንድ እግሯ ካልሲ ሳሎኑን አቋርጣ የበረንዳውን በር ከፈተች። ወደዚህ ቤት የመጣች ዕለት ልጇ ራሱ በመዶሻ የመታላት ሚስማር ግድግዳው ላይ አለ፤ ሚስማሩ ላይ ግን ምንም አልተንጠለጠለም። የልብስ ማድረቂያው ተነስቷል፣ አሮጌው ብስክሌት ተነስቷል፣ ወለሉ ተጠርጓል፣ የሚገጠመው መስታወት ልክ ግንቡ ላይ በጠመኔ ተሰምሯል። ምራቷ በስልክ ደንበኛ የምታስተናግድ ሠራተኛ ናት፤ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ቀኑን ሙሉ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ «ስለ መጉላላቱ ይቅርታ እንጠይቃለን» ስትል ትውላለች። የእሷ መሥሪያ የነበረችው ትንሽ ክፍል ለአማቷ ከተለቀቀች ወዲህ፣ በረንዳው በመስታወት ተዘግቶ ክፍል እንዲወጣው ባልና ሚስት መክረዋል። የመስታወቱ ዋጋ የተነገረ ዕለት ልጇን ሻዩ ትን እንዳለው አሮጊቷ ታስታውሳለች። ሰው ቤት የተጠጋ ሰው ስለ በረንዳ ምን ይላል።

ባሏ ዕድሜውን ሙሉ የሕዝብ መናፈሻ አትክልተኛ ነበር። በየዓመቱ ቅጠል ሲረግፍ በየቁጥቋጦው እየዞረ፣ የጸሎተኛ ጎጆ ያለበትን ቅርንጫፍ በመቀስ እየቆረጠ ወደ ቤት ያመጣል። ጸሎተኛ የሚላት ያችን ረጅምና አረንጓዴ ነፍሳት ነው፣ የፊት እግሮቿን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ሳትነቃነቅ የምትቆመዋን። ብርድ ከመግባቱ በፊት ቅርንጫፍ ላይ አረፋ ታወጣና እንቁላሎቿን እዚያ ውስጥ ትጥላለች፤ አረፋው ደርቆ የለውዝ ቅርፊት ይመስላል፣ እናትየዋ ትሞታለች፣ ልጆቿ ብርዱን በእንቁላላቸው ውስጥ ተኝተው ያሳልፉታል። አበባ ሲፈካ ነቅተው ይወጡና ጽጌረዳው ላይ የሚፈላውን ክሽክሽ፣ ያን ቅማል የመሰለ ተባይ፣ ለቅመው ይጨርሱታል። ደመወዝ የማይጠይቁ ዘበኞች ይላቸው ነበር። ጎብኚ ሁሉ «አይ ጸሎት!» እያለ ሲደነቅባቸው ፊት ለፊት ምንም አይልም፤ ማታ ለሚስቱ ብቻ ነው የሚነግራት፤ «ጸሎት የት ያውቁና! እጃቸውን የሚያጣጥፉት የሚበላ እስኪመጣላቸው ነው። ርቧቸው ነው።» ሴቷ ባሏን እንደምትበላም ነግሯት፣ «አንቺስ እስካሁን ለምን ተውሽኝ?» ቢላት «ምን ሥጋ አለህና» ብላው ሁለቱም ሆዳቸውን ይዘው ስቀዋል። ሆስፒታል አልጋ ላይ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ስታየው ያ ቀልድ ትዝ አላትና ወደ ኮሪደሩ ወጥታ አለቀሰች።

የመጨረሻዎቹን ሦስት ቅርንጫፎች የሰበሰበው ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት ነው። ወፍ እንዳይጭራቸው አይጥም እንዳይቆረጥማቸው በሽቦ ወንፊት ቤት ሠራላቸው። አደራውም አጭር ነበር፤ «ውጭ ስቀያቸው። ብርዱን አትፍሪላቸው፣ ሙቀቱን ፍሪላቸው። ያለ ጊዜያቸው ከነቁ የሚበሉት የለም።» እሷም ብርዱ ሲወጣ መናፈሻው በር አጠገብ ባለው የጽጌረዳ አጥር ላይ ልታስራቸው ቃል ገባችለት። ከቀብር መልስ ልጇ ቤቷን ዘግቶ ወደዚህ ሲያመጣት በእጇ ይዛ የመጣችው እነሱን ነው፤ ሻንጣዋን ሌላ ሰው ያዘላት። ከባሏ የቀራት በሕይወት ያለ ነገር እነሱ ነበሩ፣ ሌላው ሁሉ ልብስና ፎቶግራፍ ነው።

ምራቷ ስልኩን ዘግታ ዞር ስትል አማቷን በአንድ ካልሲ ቆማ አገኘቻት።

«እማማ! በባዶ እግርዎ? ምን ሆኑብኝ?»

«ጎጆዎቹ የት ሄዱ?»

«እኔ እጄን አላሳረፍኩባቸውም፣ ነፍሳት ነገር እንደማልወድ ያውቃሉ። ልጅዎ ነው ያስገባቸው፣ እርስዎ የታመሙ ሰሞን፣ ያ በረዶ የጣለ ዕለት። ‹እሷ ተነስታ ልታያቸው አልቻለች፣ በብርድ ሊያልቁ ነው› ብሎ የውሃ ማሞቂያው ቁም ሣጥን ውስጥ አኖራቸው። አይስጉ፣ እዚያ ሙቀቱ ለጉድ ነው፤ እርጥብ ፎጣ እንኳ ላፍታ አይቆይበትም።»

ቁም ሣጥኑ ያለው ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ነው። በሩን ስትከፍተው የታጠበ አንሶላ ሽታ ያለው ሙቀት ፊቷ ላይ መጣ። የሽቦው ቤት ላይኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከማሞቂያው በርሜል ጎን ተቀምጧል፤ ዙሪያውን ደግሞ በሻርፕ ተጠቅልሏል። ግራጫ ሻርፕ ነው፣ ጫፉ ላይ ሲጋራ ያቃጠላት ቀዳዳ አለችው። ከቀብሩ በኋላ ቤቱን ሙሉ አገላብጣ ያጣችው የባሏ ሻርፕ። ሆስፒታል ቀርቶ ይሆናል ብላ ተስፋ ቆርጣ ነበር። ለካስ የወሰደው ልጇ ነው፤ ከቀብሩ እስከ ዛሬ አንዲት እንባ ያልወጣው፣ የአባቱ ነገር ሲነሳ ድንገት የሚንጠባጠብ ቧንቧ ትዝ ብሎት መፍቻ ፍለጋ የሚነሳው ልጇ። ሻርፑን ደብቆ ኖሮ ኖሮ፣ ደግሞ ከራሱ ቀንሶ ለእነዚህ አለበሳቸው። አሮጊቷ ወደ ቁም ሣጥኑ የመጣችው በንዴት ነበር፤ ሻርፑን ስታይ ንዴቷ የት እንደገባ ጠፋት። ደግሞስ ማንን ትቆጣለች? «አትንኩብኝ» አለች እንጂ ለምን እንደሆነ መች ነገረችው፤ በዚህ ቤት ውስጥ ማን ለማን ምን ይነግራል። ጣቷን በሽቦው መሐል አሾልካ አንዱን ጎጆ ነካችው። ከምድጃ የወጣ ዳቦ ያህል ሞቋል። ሦስቱም ገና አልተከፈቱም። ውስጣቸው ይንቁ ይተኙ ግን እሷ በምን ታውቃለች።

የበሩ ደወል ጮኸ። መስታወት ገጣሚዎቹ መሰላላቸውን ይዘው ሲገቡ እሷ ካፖርቷን ለብሳ ልትወጣ ነበር፤ የሽቦውን ቤት በዘንቢል፣ ሻርፑን አጥፋ ከጎኑ።

«የት ሊሄዱ ነው? ገና መች ዳኑና!» አለች ምራቷ።

«አየር ልቀበል።»

«በዚህ ብርድ?»

«ብርዱን ነው የምፈልገው።»

ምራቷ ልትከራከራት አፏን ከፈተች፤ ያን ጊዜ ማዳመጫዋ ጮኸና በዚያው በተከፈተ አፏ «እንደምን አደሩ፣ ምን እንርዳዎት?» አለች፣ ለማታውቀው ሰው። አሮጊቷ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ወረደች። የምትሄደው ወደ ኮፍያው ነው። ኮፍያው የሚሉት የባሏን የሥራ ጓደኛ ነው፤ ኮፍያ ከራሱ ስለማይለይ ራሰ በራውን ከሚስቱ በቀር ያየው የለም ይባላል። የሞቀን ጎጆ ወደ ብርድ መመለስ ይቻል እንደሆነ የምትጠይቀው ከሱ ሌላ ሰው አልቀራትም።

አውቶቡሱ ውስጥ ማሞቂያው ወንበሮቹ ሥር ነው የሚነፍሰው። እሷ በሩ አጠገብ፣ ስንጥቁ ነፋስ በሚያስገባበት በኩል ዘንቢሏን አቅፋ ቆመች። አንዲት ወጣት ተነስታ «እማማ ይቀመጡ» ብትላት፣ «ተባረኪ፣ መቆም ይሻለኛል» አለች። አንድ ሰውዬም ተነሳላት፣ እምቢ አለች። በመጨረሻ ሾፌሩ በመስታወቱ አይቷት «እማማ፣ ካልተቀመጡ አልነዳም!» ብሎ ጮኸ። «እንግዲያው እዚሁ እንውላለን» አለችው። አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ። ሰውዬው ወደ ዘንቢሉ አንገቱን አስግጎ «ምን ቢሆን ነው እንዲህ የታቀፈው? ዶሮ ነው?» ሲላት «ጸሎተኞች ናቸው» አለችው። «በሉ ለእኛም ይጸልዩልን» አለና እንደገና ተሳቀ። እሷም ፈገግ አለች፤ ባሏ ቢኖር ለዚህች ጨዋታ መልስ አያጣም ነበር። ከዚያ ወዲያ እስክትወርድ ድረስ ያሰበችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተኝተው በሆነ።

መናፈሻው በብርድ ወራት ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ኮፍያው ከደረቀው ፏፏቴ ጉድጓድ የበሰበሰ ቅጠል ሲያወጣ አገኘችው። ከሩቅ ለያት፣ መጥረጊያውን ጥሎ መጣና ሁለት እጇን ያዘ። ከቀብሩ ወዲህ ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ከነፋሱ እንድትጠለል ወደ ዕቃ ቤቱ አስገባት፤ ባሏ ይቀመጥባት የነበረችው ዱካ አሁንም እዚያው ናት፣ የማዳበሪያ ጆንያ ተጭኖባታል። ኮፍያው ጆንያውን አነሳና በእጁ አቧራውን ጠራርጎ አስቀመጣት።

«ልጄ ነው» አለች ዘንቢሉን እየከፈተች። «ብርድ ይገድላቸዋል ብሎ ማሞቂያ አጠገብ አኖራቸው።»

ኮፍያው መነጽሩን ከደረት ኪሱ አወጣ። አንዱን ጎጆ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ አየው፣ ጫፉን በጥፍሩ በጥቂቱ ላጥ አደረገው፣ እንደገና አየው። መልሱን ሳይናገር በፊት መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ።

«ዓይናቸው ጠቁሯል። ነቅተዋል እህቴ።»

«አሁን ብርድ ላይ ብመልሳቸውስ?»

«በእንቁላላቸው ውስጥ ሞተው ይቀራሉ። ሙቀት ላይ ከተውሻቸው ደግሞ ዛሬ ነገ ሳይሉ ይወጣሉ፤ ወጥተው ምን ሊበሉ? በዚህ ወቅት አንዲት ክሽክሽ ከየት ትመጣለች? መጀመሪያ እርስ በርሳቸው ይበላላሉ። የቀሩትም አይቆዩም።»

«የመስታወት ቤቱ አለ አይደል? ችግኞቹ ላይ ክረምት ከበጋ ተባይ አይጠፋም ይል ነበር እሱ።»

ኮፍያው በአገጩ ወደ መስኮቱ አመለከታት። የመስታወት ቤቱ በነበረበት ቦታ አስፋልት ፈስሷል፣ ነጭ መስመር ተሰምሯል፣ መኪናዎች ተደርድረው ቆመዋል። «እሱ ሆስፒታል ሳለ ነው ያፈረሱት» አለ። «ልጠይቀው በሄድኩ ቁጥር ‹ችግኞቼ እንዴት ናቸው?› ሲለኝ ደህና ናቸው እለው ነበር። ምን ልበለው።» ከዚያ ቶሎ ብሎ፣ «ይልቅ እኔ ጋ ተያቸው። አንድ ዘዴ እፈልጋለሁ፣ መቼም አይጠፋም» አለ። ይህን ሲል ዓይኑ ዓይኗን አላየም። ጀርባዋን ስታዞር ቅጠሉ ከሚቃጠልበት እሳት ላይ እንደሚጥላቸው፣ አበባ ሲፈካ ደግሞ «በሰላም ወጡ፣ አጥሩን ሞሉት» እንደሚላት ገባት። ክፋት አልነበረበትም። ሰው ሁሉ ደግ ሆነባት፤ ከደግ ጋር ደግሞ አይጣሉም። አመስግናው ዘንቢሏን አንስታ ወጣች።

ፌርማታው ጋ ሳትደርስ ከጽጌረዳው አጥር ፊት ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። አጥሩ እሾህ ብቻ ነው። የሽቦውን ቤት ከዘንቢሉ አወጣችና አመዳይ በያዘው ወንበር ላይ ከጎኗ አስቀመጠችው። ሐሳቧ ግልጽ ነበር፤ ትታቸው ልትሄድ ነው። ሳይወጡ፣ ሳይርባቸው፣ አንዱ አንዱን ሳይበላ፣ በእንቁላላቸው ይቅሩ። ባሏም ቢሆን ይህንኑ ነበር የሚያደርገው፤ ለሰው ቢራራም የታመመ ዛፍ ለመቁረጥ እጁ አያመነታም ነበር። የእግሯ ጣቶች እስኪደነዝዙ ተቀመጠች። ሁለት ጊዜ ተነስታ ጥቂት ተራምዳ፣ ሁለት ጊዜ ተመለሰች። ኮፍያው ስለ ዓይናቸው ባይነግራት ኖሮ ምናልባት ትችል ነበር። አሁን ግን እዚያ ደረቅ አረፋ ውስጥ ያ ሁሉ ጥቁር ዓይን እንዳለ እያወቀች አንጀቷ እምቢ አላት። እንባዋ እየወረደ ሻርፑን አወጣች፣ ጠቀለለቻቸው፣ ካፖርቷ ሥር ደረቷ ላይ አድርጋ ያዘቻቸው። በመልሱ አውቶቡስ ወንበር ሲለቀቅላት ተቀመጠች። ማሞቂያው ከእግሯ ሥር ይነፍሳል።

ቤት ስትደርስ በረንዳው ተዘግቷል። የማጣበቂያው ሽታ ገና አልወጣም፤ ምራቷ ግን ጠረጴዛዋን፣ ወንበሯንና አበባ የተሳለበት የሻይ ኩባያዋን ወስዳ እዚያ ተደላድላለች። «ያምራል አይደል እማማ? ብርድ የሚባል ነገር አይገባም» አለቻት። «ያምራል» አለች። የሽቦውን ቤት ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከነሻርፑ አስቀምጣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ሻይ አፍልታ አልጠጣችውም። ምራቷ ውሃ ልትቀዳ ስትገባ ሽቦውን አየት አድርጋ፣ ልትናገር አስባ፣ የአማቷን ፊት ስታይ ተወችው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጀመሩ። መጀመሪያ ከአንዱ ጎጆ ሥር ቀጭን ክር የመሰለ ነገር ተንጠለጠለ፣ ጫፉ ላይ ትንኝ የምታህል፣ ገርጣ ያለች፣ ሁለት ጥቁር ዓይን ያላት ፍጥረት። ቀጥሎ ሌላ። ቀጥሎ መቁጠሩ ትርጉም አጣ፤ ሦስቱም ጎጆዎች እንደ ፈላ ወተት ገነፈሉ። በሽቦው ቀዳዳ እየሾለኩ ሻርፑን፣ ጠረጴዛውን፣ የቀዘቀዘውን ሻይ ኩባያ ሞሉት። በሕይወቷ ከጎጆ ሲወጡ ያየችው ውጭ፣ በቅጠል መሐል ነው፤ እንዲህ ባዶ ጠረጴዛ ላይ የሚሄዱበት አጥተው ሲርመሰመሱ አይታ አታውቅም። ምራቷ በሩ ላይ ሆና ጮኸች፣ ሮጣ ሄዳ የወለል መጥረጊያ ማሽኑን ጎትታ መጣች። «እማማ ይነሱ፣ አልጋ ላይ ሳይወጡ ልምጠጣቸው!» ስትል የውጭው በር ቁልፍ ተሰማ።

ልጇ አሳንሰር ጠጋኝ ነው። ቅባት የጠጣ ቱታውን ለብሶ፣ የዕቃ ሳጥኑን በእጁ እንዳንጠለጠለ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመ።

«እማዬ» አለ። «ተፈለፈሉ?»

ሳጥኑን እዚያው ወለሉ ላይ አስቀምጦ መጣ፣ ጠረጴዛው ጋ በርከክ አለ። «ሞተዋል ብዬ እኮ ፈርቼ ነበር። በየማታው እየከፈትኩ አያቸዋለሁ፣ ምንም አይሉም። ለአንቺም አልነገርኩሽ፣ ሞተው ከሆነ ብዬ።» ቀና ብሎ አያት፤ ፊቱ በርቷል፣ የልጅ ፊት ሆኗል። «ሙቀቱ ነው የጠቀማቸው አይደል?»

እውነቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ልጇ ሻርፑን በሁለት ጣቱ ነካ አደረገና «አባዬ ይህን ቢያይ» አለ። «አባዬ» የምትለዋን ቃል ከቀብሩ ወዲህ ከአፉ አልሰማቻትም። ትከሻው መንቀጥቀጥ ሲጀምር የሚስቅ መስሏት ነበር፤ እያለቀሰ ነው። ቀብር ላይ ያላለቀሰውን፣ በየቧንቧው ሥር የሸሸውን ሁሉ እዚያ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ግንባሩን ደፍቶ አለቀሰ። ትንንሾቹ በፀጉሩ ውስጥ ይሄዱ ነበር። ሆድ ይፍጀው አለች በልቧ፤ ዋጠችው።

«አዎ ልጄ» አለችው፣ ጀርባውን እየዳበሰች። «ሙቀቱ ጠቀማቸው።»

ምራቷ የማሽኑን ገመድ ቀስ አድርጋ ጠቀለለችና ድምፅ ሳታሰማ ወደ ኮሪደሩ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ መጥታ፣ እግሮቿን ወንበሩ ላይ ሰብስባ፣ ከባሏ ጎን ተቀመጠች።

«ምንድን ነው የሚበሉት?» አለ ልጇ አፍንጫውን በእጅጌው እየጠረገ።

«ዛሬ አይርባቸውም።» እውነቷን ነው፤ በወጡበት ዕለት አይበሉም።

«ነገስ?»

«ነገን ነገ እናያለን። አሁን ቁጭ በል።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠና ያወራ ጀመር። ትንሽ ሳለ አባቱ ትከሻው ላይ አውጥቶት፣ ከጽጌረዳው አጥር ጎጆው ሲከፈት እንዳሳየው፤ አንዱ ጆሮው ውስጥ ይገባል ብሎ ፈርቶ እንዳለቀሰ፤ አባቱም ሁለቱን ጆሮዎቹን በሁለት መዳፉ ደፍኖለት ቆሞ እንደዋለ። አሮጊቷ ይህን ታሪክ ሰምታው አታውቅም። ምራቷም አልሰማችውም። በመስኮቱ ውጭ በረዶ መጣል ጀምሯል፣ አዲሱ መስታወት ላይ ያርፍና ይቀልጣል።

አንዷ ከሻርፑ ወርዳ ቅባት የጠገበ አውራ ጣቱ ላይ ወጣች። ጥፍሩ ጫፍ ላይ ደርሳ ቆመች፣ ግራ ቀኝ አየች፣ ከዚያ ክር የሚያክሉ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣጠፈች። ልጇ እንዳትደነግጥበት እስትንፋሱን ያዘ።

«እይ፣ እይ እማዬ» አለ በሹክሹክታ። «እየጸለየች ነው።»

አሮጊቷ አጎንብሳ አየቻት። እጆቿን አጣጥፋ፣ ሳትነቃነቅ፣ የማይመጣውን ትጠብቃለች።

«አዎ» አለችው። «እየጸለየች ነው።»